የሹሙን መስጊድ የለካሁ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የጓሮ ቤቱን ግድግዳ በጭድ ጭቃ ሲያስመርግ፣ ያ የእርጥብ አፈርና የጤፍ ጭድ ሽታ በመስኮቴ ገብቶ ሥራ አስፈታኝ፤ ሐሳቤን ይዞት ሰቆጣ ገባ።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ከደብረ ታቦር ተመድቤ በባህል ጽሕፈት ቤት ሥራ ከያዝኩ አንድ ክረምት እንኳ ሳልደፍን፣ የአካባቢውን ቅርስ መዝግቢ ተባልኩ። የተሰጠኝ ቅጽ «የቤተ ክርስቲያኑ ስም» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ከዋግ መሳፍንት አንዱ የነበሩ ሹም በየገጠሩ ያሠሯቸው መስጊዶች እንዳሉ ከገበያተኞች ስሰማ ግን ቃሉን ሰርዤ «መስጊድ» ብዬ ጻፍኩና፣ የቢሮውን ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አንዱ ወዳለበት ወደ ጋዝጊብላ ወረዳ ተነሳሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም።

ስደርስ መስጊዱ ሊፈርስ አራት ቀን ቀርቶታል። ክብ ነው፤ ሣር ክዳኑ የጠቆረ፣ ውስጡ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሳቸው የጥድ ምሰሶዎች የቆሙበት። ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ስገባ፣ ኢማሙ ሼህ ሰይድ የሜትሩን ጫፍ ያዙልኝ፤ ቁጥር ባነበብኩ ቁጥርም፣ ርዝመቱን እኔ የጨመርኩት ይመስል «ማሻአላህ!» ይሉ ነበር።

ውጭ የተሰበሰቡት ግን አልሳቁም። በዚያው ቦታ የብሎኬት መስጊድ ሊሠሩ ወስነዋል።

«ዝናብ እየወረደብን ነው የምንሰግደው» አለኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ። «ያንቺ ወረቀት ዝናብ ይከለክላል?»

«አይከለክልም» አልኩት። «ግን ከጎኑ ባዶ ቦታ አላችሁ። አዲሱን እዚያ ሥሩ፤ የዚህን ክዳን አብረን እንጠግን።»

ሰብሳቢው ወደ ሼሁ ዞረ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ሹሙ ክርስቲያን ነበሩ» አሉ ሼሁ። «ይኼ ጥድ ከደጋ ሲጎተት ግን ገመዱን ከአያቴ ጋር ይዘዋል። የሳቸውን ሥራ በኔ ዘመን አላፈርስም።»

ነገሩ በዚያው አለቀ። በሳምንቱ ሣሩ ተቀየረ፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ከሴቶቹ ጋር የምርጊቱን ጭቃ ረገጥኩ። ሌሎቹንም መስጊዶች ከዚያ በኋላ ተራ በተራ መዘገብኳቸው።

አምና ሄጄ አየሁት፤ ቆሟል። ሼህ ሰይድ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም አረብ አገር ናቸው። ያን የለካሁ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሼሁ መስጊዱን የሠሩትን አናጢዎች ስም አንድ በአንድ፣ ከነአባታቸው ሲጠሩልኝ፣ እኔ የበሩን ስፋት እየለካሁ ነበር። ስፋቱን ዛሬም በቃሌ እነግራችኋለሁ። ስማቸውን ግን አልጻፍኩትም።