የተፋቀው መስመር

ባለፈው ሳምንት አንድ ቤተ እስራኤል ወጣት የአያቱን የብራና ኦሪት እንዳነብለት ኪሊማኒ ሰፈር ቤቴ ድረስ ይዞ መጣ። ማኅደሩን ሲከፍተው የብራናው ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ወደነበረው ሳሎናችን መለሰኝ።

አባቴ ግዕዝ አዋቂ ስለነበር ለመጣ ሁሉ በነጻ ያነብ ነበር። አንድ ቀን ወይዘሮ ዘውዲቱ መጡ። እሳቸውም ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ያመጡት ኦሪት የቤተ እስራኤል ቄስ የነበሩት የአባታቸው ነው። አባቴ እጁን ታጥቦ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠና እንደ ልማዱ፣ ጽሑፉን ሳያይ፣ «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ጀመረ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

አባቴ ደንግጦ ገጹን በጣቱ ዳሰሰ።

«ይቅርታ እህቴ፣ አፌ ቀደመኝ። መጽሐፉን የጻፈው ክርስቲያን ነው። አባቶችዎ ግን ያንን ፍቀው ‹ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል› ብለውበታል።»

«እንግዲያ የእኛ አይደለማ» አሉ በቀስታ።

«የእናንተ የሆነውማ እዚህ ጋ ነው» አለና የተፋቀውን አሳያቸው። ጎንበስ ብለው ሳሙት። የተበላሸ ገጽ ለምን እንደሚሳም ያኔ አልገባኝም።

«እትዬ፣ ይሄ ፔጅ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለኝ ወጣቱ፣ የአያቱን ኦሪት የመጀመሪያ ገጽ ገልጦ።

እኔንም እንደ አባቴ አፌ ቀድሞኝ «በስመ አብ» ልል ነበር፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ከዚያ ጣቱን ይዤ የተፋቀው ቦታ ላይ አኖርኩት።