ጎመን ገዳይ

ልጄ ወታደር ቤት ከገባ ጀምሮ ሰው ስለሱ ሲጠይቀኝ አንዲት መልስ ነበረችኝ። «እሱ እንኳ ወጥ ቤት ነው፤ ተኩስ አጠገብ አይደርስም» እል ነበር። ገበያ ላይም እላታለሁ፣ ወንዝ ስወርድም እላታለሁ፣ ብቻዬን ድንች ስኮተኩትም ለራሴ እላታለሁ። ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ከጸሎትም አባታችን ሆይን አልፌ ብዙ አላውቅ። ያቺ ቃል ሁለተኛ ጸሎቴ ሆና ነበር። የፈራ ሰው የሚያስተኛውን ነው የሚናገር።

በኛ ደብር ምህላ ሲያዝ፣ ልጃቸው ግንባር ያለ እናቶች ፊት ይቆማሉ፤ ሌላው ሕዝብ ከኋላ። ማንም አላዘዘው፣ እንዲያው ልማድ ሆኖ ቀረ። እኔ ከኋላ ነበር የምቆም፣ ተመስገን እያልኩ። ጎረቤቴ ግን ፊት ናት። የሷ ልጅ ተዋጊ ነው። ልጆቻችን አብረው አድገው፣ በአንድ ቀን ከደብረ ታቦር ተሳፍረው፣ አንድ ጦር ውስጥ ነው የተመደቡ።

ባለፈው ኅዳር ልጄ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። የገብስ አጨዳ ደርሶ ደቦ ጠርተን ነበር። ማሳችን ጉና ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ እግር ይቆርጣል። እሱም ልብሱን ቀይሮ፣ ማጭድ ይዞ ከአጫጆቹ መሐል ገባ። ወንዶቹ እያጨዱ ይፎክራሉ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። እኛ ሴቶቹ ምሳውን ተሸክመን ማሳው ዳር ስንደርስ ተራው የሱ ሆነ። ወታደር ነውና ሁሉም ሊሰማው ቀና አለ።

ልጄ ዝም አለ። ፉከራ የሠሩትን መቁጠር ነው፤ ያልገደለ ሰው ገዳይ ብሎ አይፎክርም፣ ነውር ነው።

ወንድሜ ቀልድ አያልቅበትም። ከወዲያ ጫፍ ሆኖ፣ «ምን ብሎ ይፎክር እናንተ? ጎመን ገዳይ ይበል እንጂ» አለ።

ማሳው በሳቅ ተናወጠ። ልጄም አብሮ ሳቀ። ጆሮው ግን ሲቀላ አየሁት። ሕፃን ሳለም ሊያለቅስ ሲል መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮው ነበር። አጎንብሶ ገብሱን ማጨድ ቀጠለ፤ ምሳ ቅረቡ ሲባልም መጨረሻ ላይ መጣ። በወንድሜ አልፈረድኩም። ወጥ ቤት ነው የሚለውን ከኔው አፍ ነው የለቀመው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ድንች ልልጥ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ ልጄ መጥቶ ቢላዋውን ከጄ ወሰደ። በኛ ቤት ወንድ ድንች አይልጥም። እሱ ይዞ ሲልጠው ግን ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ክር ይወርዳል። እጁ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። ያንስ አውቀው ነበር። ጎንበስ ሲል ከሸሚዙ ሥር ትከሻው ላይ የገመድ ሰንበር አየሁ። የምን ነው ብዬ ብጠይቀው ሊያልፈኝ ፈለገ። አልለቀው ስል፣ ዓይኑን ከድንቹ ሳያነሳ ነገረኝ።

የሚያበስሉት ከኋላ ነው፤ ያ እውነት ነው። ምሽጉ ግን ሽቅብ ነው፣ መኪና አይወጣውም። ወጡን በጀሪካን፣ ዳቦውን በጆንያ አዝለው በእግር ነው የሚያደርሱ። ተኩስ ካለ እየተሳቡ ይወጣሉ። እጃቸው ተይዟልና መልሰው አይተኩሱም። አንድ ቀን አብሮት የሚያዝለው ጓደኛው መንገድ ላይ ተመትቶ ቀረ። ልጄ የሱንም ጀሪካን ደርቦ ወጣ። ከላይ የተቀበለው የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ በልቶ ሲጨርስ ወጡ የናትህን ይመስላል ብሎት ተሳሳቁ።

«ታዲያ ትላንት ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ምን ልበል እምዬ? ጀሪካን ተሸካሚ ብዬ ልፎክር?»

ቀጥሎ አለቃውን ወደ ተዋጊዎቹ እንዲያዛውረው መጠየቁን ነገረኝ። ሲመለስ ምርጫህ ምንድነው ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ደቦ ላይ የምለው ይኖረኛል አለኝ።

ከድስትህ አትለይ ልል አፌን ከፈትኩ። የትኛው ድስት? እኔ የምሸሸግበት ወጥ ቤት አሁን ፊቴ ላይ ፈረሰ። ያለበትም ሞት አለ፣ የሚሄድበትም። ከተዋጊ እኩል ነህ ብዬ ብነግረው፣ ከተዋጊ እኩል ልትሞትብኝ ትችላለህ ማለቴ ነው። ክብሩን ከሰጠሁት እንቅልፌን ሰጠሁ። የተላጠውን ድንች አጥቤ ጨረስኩ። ከዚያ፣

«ሂድም አትሂድም አልልህ» አልኩት። «አንተ ጠመንጃውን ብትይዝ፣ ያን ጀሪካን ማን ያወጣላቸዋል?»

የቀረውን ድንች ላጠ።

ሲሄድ እስከ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ሸኘነው። ነገሩን ለወንድሜ ነግሬው ነበርና ያን ቀን ቀልድ አልወጣውም። የልጁን ሻንጣ ተሸክሞ፣ ስጠኝ ቢለው እምቢ አለ። ትከሻህ ይረፍ፣ ይለዋል ደጋግሞ።

በሚቀጥለው ምህላ ከኋላ ተነስቼ ወደ ፊት ሄድኩ። ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። በክፋት አይደለም፣ ቀስ ብላ፣ «ያንቺ እኮ ድስት አጠገብ ነው» አለችኝ።

«የኔ ካልደረሰ ያንቺ አይበላም» አልኳት።

ቆይታ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ጎን ተጠጋችልኝ። ትከሻ ለትከሻ ቆመን እግዚኦ አልን። ፊት መቆም እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ከፊትሽ የምትደበቂበት የሰው ጀርባ የለም።

ስልክ የሚሠራልኝ ከቤቴ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ድሮ ስደውል ደኅና ነህ ወይ ብቻ ነበር የምለው። ያን ቀን ግን ተዛወርክ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ።

«ዛሬ ምን ሠራህ?» አልኩት።

ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።

«ምስር» አለኝ። «ድንች ገብቶበታል፣ እንዳንቺው። አሁን አዝለን ልንወጣ ነው።»

«በርታ የኔ ጌታ። ሳይቀዘቅዝ አድርስላቸው።»

ስልኩን ዘግቼ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። አድርሶ እስኪመለስ በሐሳቤ እርምጃውን ስቆጥርለት ቆይቼ፣ ጥላው ሲረዝም ወረድኩ።