የስድስት ሰዓቱ ትኬት

አምና ጅግጅጋ መናኸሪያ ውስጥ የትኬት ፕሮግራም ልሠራ በኮንትራት ገባሁ። ልሠራ ስል ያው፣ ኮዱን የሚጽፈው የኤአይ ረዳት ነው፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ «እሺ» እለዋለሁ፣ እሱም መልሶ «እሺ» ይለኛል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ያለው ሰው ከዚህ ረዳት ጋር አንድ ቀን ቢውል ተረቱን ይሰርዘው ነበር።

ጣጣው የመጣው በደገሀቡር አውቶቡስ ነው። የሚነሳው ከንጋቱ 12 ሰዓት ሆኖ ሳለ ትኬቱ «6 ሰዓት» ብሎ ይታተማል። አንድ ለሽምግልና የተላኩ አዛውንት ሽቶ በሽቶ ሆነው እኩለ ቀን ላይ ከች አሉ። አውቶቡሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። «ልጅቷን ለሌላ ቢሰጧትስ?» ብለው ከዘራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሲያነሱ በደረቴ ጋረድኩት። የሹፌሮቹ ሰብሳቢም ቁርጡን ነገረኝ፤ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ እኛ ወደ ደብተራችን፣ አንተ ወደመጣህበት። ኮንትራቱን ተማምኜ ሚስቴንና ልጄን ከአዳማ ያመጣሁት በዚያው ወር ነበር። ፈራሁ።

ለረዳቱ ነገርኩት። «ልክ ነህ! ተስተካክሏል» አለኝ። ራሴ 12 አስገብቼ ሞከርኩት፤ 12 አወጣ። ወደ ስምሪት ኃላፊዋ ሮጥኩ። እናት የሚሆኑ የሶማሌ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም ኤዶ፣ አክስቴ እንደማለት፣ ነው የምንላቸው። «ኤዶ፣ ተስተካክሏል!» አልኳቸው። በማግስቱ 6። እንደገና «ልክ ነህ! ተስተካክሏል»፣ እኔም እንደገና ወደ ኤዶ። በሦስተኛው ቀን ፕሮግራሙ ጭራሽ የአውበሬውን የሁለት ሰዓት ሚኒባስ ትናንት ሄዷል ብሎ አረፈው።

ሐሙስ ዕለት አንድ ጓደኛዬ በስልክ መላ ሰጠኝ። ረዳቱን ከመገመት የሚያስጥል፣ ስህተት የሚያፈላልግ መሣሪያ አለ፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ በየደረጃው ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ይመዘግባል፣ ረዳቱም መዝገቡን ሳያነብ አንዲት ፊደል እንዳይነካ ይከለክለዋል። ጫንኩት። ያ አፈኛ ረዳት ለመጀመሪያ ጊዜ አደብ ገዝቶ «ሁሉም እንደወትሮው ይሠራ፤ እኔ አያለሁ» አለ።

እንደወትሮው ከሆነ የነገውን መነሻ ሰዓት ከሰዓት በኋላ የሚያስገቡት ኤዶ ናቸው። እኔ የምሞክረው ጠዋት፣ እሳቸው ሹፌር ሲያሰማሩ ነው። መጡ፣ በአንድ ጣታቸው ጻፉ፣ ሄዱ። ረዳቱ መዝገቡን አንብቦ እንዲህ አለ፦ «የገባው 6፣ የወጣው 6። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም።»

እየሮጥኩ ደረስኩባቸው። «ኤዶ! ለምንድነው ስድስት ያሉት?»

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ! ማሽኑ የፈረንጅ አይደል እንዴ? የኛን አሥራ ሁለት ከየት ያውቀዋል? እንዳይቸገር ስድስት ቀንሼለት ነዋ!»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ለካ ሴትዮዋ ለእንግዳው ማሽን እያዘኑ ኖሯል! የአውበሬው ሚኒባስም ከሁለት ሰዓቱ ላይ ስድስት ሲቀነስለት ነው ትናንት የገባው።

ቅዳሜ ሰብሳቢው በሹፌሮቹ ፊት «ጥፋቱ የማን ነበር?» ሲል ኤዶ ሻሻቸውን እያጠበቁ መሬት መሬት አዩ።

«የኔ» አልኩ። «መጻፊያው ላይ በኛ ሰዓት ይግባ ብዬ አልጻፍኩም።» ውሸት አልነበረም። አሁን ተጽፏል፤ ኮንትራቱም ታደሰልኝ።

ስንወጣ ኤዶ ክንዴን ያዙኝ። «ሳምንት ሙሉ ከዚያ ሳጥን ጋር ስትጨቃጨቅ እዚሁ አጠገብህ ነበርኩ። እኔን አንዴ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

አፈርኩ። «ልክ ነዎት ኤዶ» አልኩ።

«ደግሞ ተስተካክሏል በለኛ!» ብለውኝ ሄዱ።