የእትዬ አስካለን ኪቦርድ ያዘመንኩ ቀን

ትናንት ጠዋት... መታወቂያዬን ኮፒ ላደርግ አብነት ሰፈር ያለው የእትዬ አስካለ ጽሕፈት ቤት ጎራ አልኩ። ጽሕፈት ቤት ስል አትደንግጡ፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ወንበር ነው። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው የሰፈር ሰው ግን አቤቱታውን የሚያስጽፈው እዚያ ነው።

ኮፒዬን ሰጥተውኝ ልወጣ ስል እትዬ አስካለ ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ።

«ና እስቲ አንተ የተማርክ! አማርኛ ስመታለት ፈረንጅኛ ያወጣብኛል!»

ቀላል ነገር ነው። ሳያውቁት ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ነክተዋል። ከታች ጥግ ላይ ያለችውን የቋንቋ ምልክት ጫን አድርጌ አማርኛውን መለስኩላቸው።

«እጅህ ይባረክ! እድሜ ይስጥህ!»

እዚህ ላይ መሄድ ነበረብኝ። ግን ምርቃት ሲደራረብብኝ እባልጋለሁ...

የሚጽፉበት የኪቦርድ አቀማመጥ ከታይፕራይተር ዘመን የመጣ ነው። ፊደሎቹ አንዳቸውም እኔ በማውቀው ቦታ የሉም። «ይሄማ አሮጌ ነው» ብዬ አጠፋሁትና አዲሱን ጫንኩላቸው። በዚያ አላበቃሁም። የስልኬን ዳታ አብርቼ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ሁሉ ወደ አማርኛ ቀየርኩ። የራሳችን ፊደል እያለን ምን በወጣን የሚል አጭር ንግግርም አደረግኩ። እትዬ አስካለ ኮፒ ማሽኑ ጋ ደንበኛ ያስተናግዱ ስለነበር የሰማኝ የለም።

ሜክሲኮ አደባባይ ያለው ባንክ ስደርስ ዋናውን መታወቂያ አምጣ ተባልኩ። ኪሴን ብፈትሽ የለም። የኮፒ ማሽኑ መስታወት ላይ ትቼው ወጥቻለሁ።

ከሰዓት ስመለስ ጩኸቱ ከውጪ ይሰማል።

«እመብርሃንን! ሲቪ ብቻ ነው ያለበት!» ትላለች ፍላሽ የጨበጠች ወጣት።

«ሲቪሽ ነዋ የገለባበጠብኝ! አንቺ ሰክተሽ ካወጣሽ ወዲህ ፊደሎቹ ሁሉ ቦታ ቀየሩ! ፕሪንት ራሱ ጠፋ!» ይላሉ እትዬ አስካለ።

ወንበሩ ላይ ጋሽ ከድር ተቀምጠዋል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ብረት በር የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ወርክሾፕዎን ይልቀቁ ተብሎ ተፈርዶባቸዋል። የይግባኙ የመጨረሻ ቀን ደግሞ ትናንት ነበር። ጠዋት የተጀመረው ጽሑፋቸው ገና ግማሽ ላይ ቆሟል፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሊዘጋ ነው። እሳቸው አይጮሁም። ሰዓታቸውን ብቻ ያያሉ።

እትዬ አስካለ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ተመስገን! ጠዋት ያስተካከለልኝ ልጅ መጣ! ይኸው ቫይረስ አስገቡብኝ!»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እስቲ ልየው» የሚል ነው።

ልጅቷ በተስፋ አየችኝ። «ወንድሜ፣ ፍላሽ እንዲህ ያደርጋል እንዴ?»

«አንዳንዴ...» አልኳት።

አንዳንዴ! ፍላሿን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

አሮጌውን አቀማመጥ መለስኩ። ትእዛዞቹንም ወደ እንግሊዝኛ። እትዬ አስካለ ወንበሩን ሳቡና ዓይናቸውን ከረቂቁ ሳይነቅሉ ይመቱት ጀመር። የመጨረሻው ገጽ ከፕሪንተሩ እንደወጣ ወረቀቱንም ጋሽ ከድርንም ይዤ ላዳ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ፍርድ ቤት ስንደርስ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቦርሳዋን አንግታለች። ጋሽ ከድርን አየቻቸው... ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ተቀበለቻቸው።

«አላህ ያክብርህ ልጄ» አሉኝ ደረጃውን ስንወርድ። «ያንተን ዓይነቱን ያብዛልን!»

አሚን ማለት አቃተኝ። የእኔ ዓይነቱ ቢበዛ ልደታ ፍርድ ቤት አንድ ይግባኝ አይገባም ነበር።

እውነቱን ለእትዬ አስካለ ልነግራቸው፣ የልጅቷንም ስልክ ልጠይቃቸው ወስኜ ወደ አብነት ተመለስኩ። ዘግተው ሄደዋል። በሩ ላይ ቆሜ ነው ትዝ ያለኝ... መታወቂያዬን አሁንም አልወሰድኩም።

ስሜም ፎቶዬም ጥፋቱ የተሠራበት ቤት አድረዋል፤ ዛሬ ሄጄ እጄን እሰጣለሁ።