ለበዓሉ ያቆየነው ፍንዳታ

ደብረ ማርቆስ የስፖርት መምህር ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ዲሬክተሩ አንድ የተነፈሰ ኳስና አንድ ፊሽካ አስረከቡኝ። ፊሽካው ደኅና ነበር። ቀጥለው ለዘውድ በዓል ሩጫ እንዳሠለጥናቸው የተመደቡልኝ ሦስት የከተማው ሯጮች መስማት የተሳናቸው መሆናቸውን ነገሩኝ።

«ታዲያ ፊሽካው ለምኔ ነው?»

«የመንግሥት ንብረት ነው፤ አንጠልጥለው» አሉኝ። አንጠለጠልኩት።

ሙላት ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ሸማኔ ወንድማማቾች። ትንፋሽ ሞልቷቸዋል። ችግራቸው አነሣስ ላይ ነው፤ እንደ ጠገበ በሬ ተንቀርፍፈው ነው የሚነሡት። ስለዚህ የፍንዳታ ጉልበት ልምምድ ጀመርን፦ ቁጢጥ ብሎ ሽቅብ መዝለል፣ ከእርከን ወርዶ እግር መሬት እንደነካ መልሶ መስፈንጠር፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ አቅፎ ዳገት መውጣት። የመነሻ ምልክቱ እጄ ነው፤ ጨብጬ ድንገት ስዘረጋው ይፈተለካሉ፤ ገበያውን ዞረው ይመለሳሉ። መንገደኛው ሁሉ እያየን ያማትባል። ጠበል ቦታ ብንዘል ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየንም ነበር።

የዘውድ በዓል ሩጫ ሲቃረብ፣ ጠጅ ቤት ውስጥ አንድ ወዳጄ «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«ፍንዳታውን ለበዓሉ አቆይተነዋል» አልኩት።

ተማሪ የሚያምጽበት፣ መንግሥትም ጥላውን የሚጠራጠርበት ዘመን ነው። ለካ አጠገባችን ጆሮ ጠቢ ተቀምጧል። ሦስቱ ሯጮቼ ያጡት ጆሮ ሁሉ የተሰጠው ለእሱ ነበር።

በዋዜማው አራታችንንም ጣቢያ ወሰዱን። መቶ አለቃው በሙላት ጀመሩ።

«ፈንጂው የት ነው?»

ሙላት ፈገግ አለ።

«መሪያችሁ ማነው?»

አሁንም ፈገግታ ብቻ።

«በደንብ የሠለጠኑ ናቸው፤ አንድ ቃል አይወጣቸውም» አሉ ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው። በሥራዬ ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጌታዬ፣ አይሰሙም እኮ!»

«ሲመቻቸው ነዋ! በል አንተ ተናገር፤ ፍንዳታ ማለት ምንድን ነው?»



«ጉልበት ነው ጌታዬ። ይታመቅ ይታመቅና» ብዬ እጄን ጨበጥኩ፤ «እንዲህ ይወጣል» ብዬ ዘረጋሁት።

ሦስቱም ተፈተለኩ! በረኛው ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ በሩን አልፈው ሄዱ። ፖሊሶቹ «ቁም! ቁም!» እያሉ ተከተሏቸው። ለማን እንደሚሉ እንጃ። እኔ ግን መቶ አለቃው እግር ላይ ወደቅሁ።

«በማርያም፣ አይተኮስባቸው! ይመለሳሉ!»

መቶ አለቃው ትንሽ አመነቱና «አትተኩሱ!» ብለው ጮኹ።

እውነትም ተመለሱ። ገበያውን ዞረው፣ የልምምድ ዙራቸውን ጨርሰው መጡ። ሙላት ፊቴ ቆሞ፣ እያለከለከ፣ «እንዴት ነበርን?» ብሎ በእጁ ጠየቀኝ። አሳዳጆቹ ዘግየት ብለው ደረሱ፤ አንደኛው ቆቡን የሆነ ቦታ ጥሎታል።

መቶ አለቃው ቆብ አልባውን ፖሊስ አዩ፤ ሙላትን አዩ። «ሂዱ፣ ውጡልኝ» አሉ።

በማግስቱ ሩጫው መነሻ ላይ ከተኳሹ ዳኛ ጎን ቆሜ፣ ሽጉጡ ሲተኮስ እጄን ዘረጋሁ። ሙላት ሁለተኛ ወጣ፤ አንድ ወታደር ቀደመው። መቶ አለቃው ለክቡራን እንግዶች «እኛ ጣቢያ የሠለጠነ ልጅ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ሙላት አልሰማም፤ ቀናሁበት።

የማይሰሙ ሯጮችን የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ምልክታችሁን አስቀድማችሁ ተስማሙበት። ከዚያ ወዲያ እጃችሁን ያለ ሥራ አታንቀሳቅሱ።