ለነፍሴ ብዬ የበሳኋት ሳንቲም

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ መርካቶ ውስጥ የአንጥረኛ ሱቅ በከፈትኩ በስድስተኛው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። የማልረሳው ሰው አታሎኝ አይደለም። ማንም አላታለለኝም፤ ራሴን በራሴ ነው ጉድ የሠራሁት።

ያኔ እኔን የሚያህል አዋቂ ነበር ብላችሁ ነው? ብር ሲመጣልኝ በጣቴ ነካ፣ በጆሮዬ ሰማ አድርጌ ፍርድ እሰጣለሁ። ብሳሳትም ደፍሮ የሚነግረኝ የለም።

አንድ ማለዳ እትዬ ዘነበች መጡ። ባላቸው ምድር ባቡር ሲሠሩ ኖረው የሞቱባቸው፣ ከራጉኤል ጀርባ የሚኖሩ ሴት ናቸው። የቤታቸው ጣራ ወንፊት ሆኗል፤ ዝናቡ ሳይጥል ቆርቆሮ መግዛት አለባቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንዲት የፈረንሳይ ሳንቲም ሰጡኝ።

"ባለቤቴ ከፈረንጅ አለቃው ያገኛት ናት። ስንት ታወጣለች?"

ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግኳት። እንደ ጠገራ ብር አልጮኸችም። በብር መፈተኛ ድንጋዬ ፈተንኳት፤ ብር የሚባል ነገር የላትም።

"እትዬ፣ ይቺ የልጅ መጫወቻ ናት" አልኳቸው እየሳቅኩ።

"እስቲ ደህና አድርገህ እያት። ሌሎቹ የፈረንሳይ ሳንቲሞች ላይ የሌለ ጽሑፍ አላት፤ አስተያይቻታለሁ።"

ፈረንሳይኛ በዞረበት አልዞርኩም። ግን እኔ አላውቅም ልበል? "የፋብሪካው ስም ነው" ብዬ ቁጭ! ደግሞ አዘንኩላቸው። ባዶ እጃቸውን ከሚመለሱ አንገታቸው ላይ ያንጠልጥሏት ብዬ፣ ሳይጠይቁኝ፣ ለነፍሴ ብዬ በነፃ በሳኋት። እሳቸው "ምነው?" ሲሉ እኔ ጨርሻለሁ።

በሳምንቱ አንድ ፈረንሳዊ አስተማሪ የብር መስቀል ሊያሠራ ሱቄ ቁጭ ብሏል። እትዬ ሳንቲሟን አንገታቸው ላይ አድርገው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰላም ሊሉኝ ቆሙ። ሰውየው ብድግ አለ። ማጉያ መነጽሬን ለምኖ አያት፤ ገልብጦ አያት።

ለካ ያቺ ጽሑፍ "ሙከራ" ማለት ናት። አዲስ ሳንቲም ከመውጣቱ በፊት መልኩን ለማየት ጥቂት ብቻ ይሠራሉ አለን። ይሄኛው መልክ ሳይወደድ ቀርቶ ገበያ አልወጣም፤ ስለዚህ ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል።

"ቤት ሙሉ ቆርቆሮ ትገዛ ነበር" አለ በተሰባበረ አማርኛው። "አሁን ማንም አይፈልጋትም። ማነው የበሳት?"

እትዬ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ መሬት።

"ቀዳዳው ግን በጣም ንጹሕ ነው" አለ። ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ።

የሴትዮዋን ጣራ ነው ለካ የበሳሁት! አፈርኩ፤ ላብ አጠመቀኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ሌላ ሳንቲም! ያው መልክ፣ ያው ጽሑፍ፣ ቀዳዳ የሌላት።

"ባለቤቴ ሁለት ነበር ያመጣው" አሉ። "አስቀድሜ አንዷን አሳይቼህ፣ ካወቅካት ይቺን እንድትሸጥልኝ፣ ያቺን ደግሞ ለድካምህ ልሰጥህ ነበር። ሥራህን ሳይ ግን የሚያውቅ ሰው እስካገኝ ይቺን ከመብሻህ ሸሸግኳት።"

ከዚያ የተበሳችውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

"እንካ ልጄ። የበሳኸው የራስህን ነው።"

ፈረንሳዊው ሌላዋን እዚያው ከእሳቸው ገዛት። ክረምቱ ሲገባ የእትዬ ጣራ ከሩቅ ያብለጨልጭ ነበር።

ዛሬም ያንገበግበኛል፤ አልዋሽም። ሳንቲሟን ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ። ምስማሩ ልክክ ብሎ ነው የገባው።