እናቴ የመረጠችው ተጫዋች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ ልጅ ወንበሬ ላይ ተጋድማ አፏን ስትከፍት የሮዝ ማስቲካ ሽታ ፊቴን መታኝ። ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ጥርስ አጽጂ ነኝ፤ ማስቲካ በሥራዬ ጠላቴ ነው። መቆጣት ሲገባኝ ትንሿን የጥርስ መስተዋት በእጄ እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ልጅቷ ቀና ብላ "አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ደህና ነበርኩ። ብቻ እዚያ አልነበርኩም። ክሬሰንት ታውን ሰፈር፣ ያደግኩበት ፎቅ ኮሪደር ላይ ተንበርክኬ የቤዝቦል ካርድ እሽግ እየቀደድኩ ነበር።

ካርዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። መዳፍ የማይሞላ ካርቶን ነው። ፊቱ ላይ የተጫዋቹ ፎቶ አለ፤ ጀርባው ላይ ደግሞ የት እንደተወለደ፣ በየትኛው እጁ እንደሚመታ፣ በየዓመቱ በየትኛው ከተማ እንደተጫወተ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ያኔ የሚሸጠው ሰም በተቀባ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ውስጡ እንደ ጣውላ የደረቀ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ሮዝ ማስቲካ አለ። እኔ ማስቲካውን አልወደውም፤ ለሌሎቹ ልጆች ሰጥቼ በምትኩ ካርድ እወስዳለሁ። እነሱ አኝከው ይተፉታል፣ የኔ ካርድ ይቀራል። በህንፃችን ውስጥ ከእኔ የተሻለ ለዋጭ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ብዬ ልዋሽ አልፈልግም።

መጀመሪያ ላይ ወንዶቹ ከሴት ልጅ ጋር አንለዋወጥም ብለው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ እኔ በራችን ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ስለ አንድ ተጫዋች ሲከራከሩ፣ የተወለደበትን ከተማና መጀመሪያ የተጫወተበትን ቡድን ከቆምኩበት ነገርኳቸው። ካርዱን ገልብጠው አዩ። ከዚያ በኋላ ዞር ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከካርዶቹ ጀርባ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

የኔ ተወዳጅ የከተማችን ቡድን ግራኝ መቺ ነበር። ረጅም፣ ዱላውን እንደ ጭራ የሚያወዛውዝ፣ ኳሷን ከአጥሩ በላይ ሰድዶ ቀስ ብሎ ሜዳውን የሚዞር ሰው። ሁለት በጋ ሙሉ ከተማው ስሙን ሲጠራ ከረመ። ከዚያ ትከሻው ተጎዳ፣ ዱላው ዘገየ፣ ጋዜጣውም ረሳው። እኔ ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አወዛወዙን ላሳያችሁ እችላለሁ።

እናቴ የመጣችው እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከአገር የወጣነው ሦስታችንም አንድ ላይ ነበር። ካርቱም ላይ የአባቴና የእኔ የካናዳ ፕሮሰስ አለቀ፣ የእሷ ቀረ። "እናንተ ሂዱ፣ እደርሳለሁ" አለች አሉኝ፤ እኔ ሕፃን ስለነበርኩ አላስታውስም። አባቴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠበ፣ በእረፍት ቀኑ ኢሚግሬሽን እየተመላለሰ፣ ፀጉር መሥራት ሳይቀር ተምሮ አሳደገኝ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ አስተማረኝ። ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸውን ትልልቅ ሴቶች ሁሉ አንቱ እንድል።

ኤርፖርት በመስታወቱ በር ስትወጣ አባቴ ሮጠ። እኔ ቆምኩ። ለዚህ አገር ብርድ የማይሆን ስስ ሹራብ የለበሰች ቀጭን ሴት ነበረች። አገላብጣ ሳመችኝ፤ አንገቷ የማላውቀው ሳሙና ይሸታል።

"አወቅሽኝ?" አለችኝ።

እኔም እንደተማርኩት ጎንበስ ብዬ "እንኳን ደህና መጡ" አልኳት።

ፊቷ ላይ የሆነውን አሁንም አየዋለሁ። አልተቆጣችም። ሻንጣዋን ካንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፣ በቃ።

ቤት ከገባንም በኋላ ያው ነበር። "ይቀመጡ"፣ "ይብሉ"፣ "ሻወሩ በዚህ በኩል ነው"። አባቴ "እናትሽ እኮ ናት፣ አንቺ በያት" ይለኛል፤ አፌ እምቢ አለ። ክፋት አልነበረም። እናት የሚባለውን ሰው የማውቀው በስልክ ድምፅ ብቻ ስለነበር፣ ምላሴ በገዛ ፈቃዱ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጎን አስቀመጣት። አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆና ለአባቴ "ልጄ እንደ እንግዳ ታስተናግደኛለች። ደግሞ ጥሩ አስተናጋጅ ናት" ስትለው ሰማኋት። እየሳቀች ነበር ያለችው። ወዲያው ግን ቧንቧውን ከፈተችው፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት የውሃውን ድምፅ ብቻ ነው።

በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ካርዶቼን መኝታ ቤት ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ሳለሁ ገባች። በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየች።

"እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?"

"ቤዝቦል ተጫዋቾች ናቸው። ኮሌክት አደርጋቸዋለሁ፣ እሰበስባቸዋለሁ" አልኳት።

አጠገቤ ተቀመጠች። እያንዳንዱን ካርድ ጠርዙን ብቻ ይዛ፣ እንደ ሰው ፎቶ በአክብሮት ታነሳው ነበር። የኔን ግራኝ መቺ አየችና "መልከ መልካም ነው። እሱም ያውቀዋል" ብላ አስቀመጠችው። ቀጥላ ያነሳችው ማንም የማይፈልገውን ነው፤ አንገተ ወፍራም፣ ጉልበቱ በአቧራ የቆሸሸ፣ የብረት ጭምብሉን ግንባሩ ላይ የሰቀለ የዚያው የከተማችን ቡድን ካቸር።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው እንደ ወታደር የለበሰው?"

ካቸር ማለት ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚወረወረውን ኳስ የሚቀበለው ነው፤ ሲስት ደረቱን ይመታዋል፣ ሯጩ ሲመጣ ደግሞ ቆሞ ይጠብቀዋል አልኳት።

"ሯጩ ወዴት ነው የሚመጣው?"

"ሆም ይሉታል። ቤት ማለት ነው። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ቤት ለመግባት ነው የሚሮጠው።"

ካርዱን ገለበጠችና "ምን ይላል?" አለችኝ። አነበብኩላት። ሰውየው ዋናው ቡድን እስኪጠራው ድረስ ዓመታት ሙሉ በትንንሽ ከተሞች፣ በትንንሽ ቡድኖች ሲጫወት የቆየ ነው። ጓደኞቹ ሁሉ ቀድመውት ወጥተዋል።

"ይሄን ሁሉ ዓመት?" አለች።

"አዎ።"

"ፕሮሰስ ላይ ነበራ!"

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ አንድ ላይ ስንስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ካቸር የእናቴ ሆነ። ሽንኩርት ስትከትፍ ሬዲዮኑን ከፍታ ጨዋታ ታዳምጣለች። እንግሊዝኛው አይገባትም፤ ስሙን ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ መሃል ትለየዋለች፤ በተጠራ ቁጥር ቢላዋዋ ይቆማል። "መታ?" ትለኛለች። ብዙ ጊዜ አልመታም፤ የሚመታ ሰው አልነበረም። እጁ ግን! ቤዝ ሊሰርቅ፣ ማለት ሳይታይ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሊደርስ፣ የሚሮጠውን ሰው ከተቀመጠበት ተነስቶ በአንድ ውርወራ ሲያስቀረው እናቴ "እሰይ፣ የኔ አንበሳ" ትላለች፣ ወደ ሬዲዮኑ።

የካቸሩ የመጀመሪያ ካርድ፣ ገና ፀጉሩ ሳይሳሳ የተነሳው፣ ከላይኛው ፎቅ አንድ ልጅ ዘንድ ነበር። ልጁ እንደምፈልገው ሲያውቅ በምትኩ ግራኙን መቺ ጠየቀኝ፣ ያውም በዚያ በገነነበት በጋ። ሰጠሁት። ልጁ ራሱ ደንግጦ "አር ዩ ሹር?" አለኝ። ሹር ነበርኩ። ካርዱን ለእናቴ ስሰጣት ከብርሃኑ ጋር አስጠግታ አየችውና "ልጅ ሳለ ከሲታ ነበር ማለት ነው" አለች። ምን እንደከፈልኩበት አልነገርኳትም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጋዜጣው ካቸሩ ወደ ምዕራብ አሜሪካ ወዳለ ቡድን መዛወሩን ጻፈ። በሁለት ወጣቶች ለውጠውታል። ስነግራት የምታጥበውን ሰሃን አስቀመጠች።

"እንዴት ለወጡት? አንቺ ካርዶቹን እንደምትለውጫቸው?"

"አዎ፣ እንደዚያ ነው።"

"ሰውየው እኮ ካርድ አይደለም" አለች። "ሚስት የለውም? ልጅ የለውም? ማንን አስፈቅደው ነው?"

ሬዲዮኑ ብዙ ቀን ሳይከፈት ከረመ።

በሚቀጥለው በጋ የካቸሩ አዲስ ቡድን ቶሮንቶ ሊጫወት መጣ። አባቴ ከሥራ ባልደረባው ትኬት አገኘልንና እናቴና እኔ ሄድን። ከቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ሰብዌይ፣ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ተሳፈርን። እሷ ነጭ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። የስታዲየሙ ጣሪያ ተከፍቶ ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የተጠበሰ ሽንኩርትና የቢራ ሽታ ያመጣል፤ አጠገቡ ያለው የረጅሙ ታወር ጥላ ሳሩ ላይ ተጋድሞ ቀስ ብሎ ይሄዳል። መቀመጫችን የመጨረሻው ላይኛው ረድፍ ስለነበር ተጫዋቾቹ ከካርዱ ፎቶ ያነሱ ይመስሉ ነበር። እናቴ ግን ከአረማመዱ ለየችው።

"ያውና። ጉልበቱን እያመመው ነው" አለች።

ሊመታ ሲወጣ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየች። "አሁን የሌላ አይደለም እንዴ? ለምን ያጨበጭቡለታል?" አለችኝ። "የእኛ ስለነበረ ነው" አልኳት። ይህን ስትሰማ ተነሳችና እልል አለች። እልልታው በዚያ ሁሉ ጭብጨባ ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ከፊታችን የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ ነበር። ከአጠገባችን የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ግን ኮፍያውን አንስቶ እጅ ነሳት።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የእኛ ሯጭ ከሦስተኛው ቤዝ ተነስቶ ወደ ሆም ከነፈ። ኳሷ ከሩቅ ተወረወረች። ካቸሩ ተቀብሏት ዞረ፤ ሯጩ በሙሉ ፍጥነቱ ደረቱ ላይ ገባበት። ሁለቱም ወደቁ። ሯጩ ተነሳ። ካቸሩ አልተነሳም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ክንዷን ያዝኩ።

"እማዬ፣ አይዞሽ። አትፍሪ፣ ይነሳል። እዪው፣ እዪው፣ ተነሳ!"

በጉልበቱ ተንበርክኮ ጓንቱን ወደ ላይ አነሳ። ኳሷ ውስጡ ነበረች፤ ሯጩ ቤት ሳይገባ ቀረ ማለት ነው። የእኛ ቡድን ነጥብ አጣ፣ ሕዝቡም ተቃሰተ። እናቴ ግን ሜዳውን አታይም ነበር። እኔን ነበር የምታየው፣ ዓይኖቿ ሞልተው። ምን እንደሆነች አልገባኝም፤ ለካቸሩ የምታለቅስ መሰለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰብዌይ ውስጥ ብዙ ጣቢያ ካለፍን በኋላ "ቅድም ምን አልሽኝ?" አለችኝ።

"መቼ?"

"ተይው" አለችና እጄን ነጠላዋ ሥር ከታ ያዘችው። እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ አልለቀቀችውም። ከዚያን ቀን በኋላ አንቱ ብያት አላውቅም።

ካቸሩ ብዙ አልቆየም። የስንብት በዓል አልተደረገለትም፤ እንደሱ ላሉት አይደረግም። አንድ ጸደይ አዲስ ካርዶች ወጡ፣ የእሱ ግን አልነበረም። እናቴ "የዘንድሮው ገና ነው?" አለችኝ። "ገና ነው" አልኳት። በሚቀጥለው ዓመትም ጠየቀች። ከዚያ መጠየቅ ተወች፤ እኔም ወደ ኮሌጅ ስሄድ ካርዶቹን ለላይኛው ፎቅ ልጅ ታናሽ ወንድም ሰጠሁ። የካቸሩን ሁለት ካርዶች ግን አስቀረሁ፤ የኔ አልነበሩምና።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን ከእኔ ጋር እንድትኖር አመጣኋት። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የመጨረሻ በጋዋ እንደሆነ ሳናውቅ፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት ሶፋ ላይ ሆነን ጨዋታ እያየን ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከታች ልጆች ብስክሌት ሲነዱ ይሰማል። ካሜራው የእንግዳውን ቡድን አሠልጣኞች አሳየ። አንዱ ሸበቶ፣ ባለ ቦርጭ፣ ሁለት እጁን ጉልበቶቹ ላይ አሳርፎ የተቀመጠ ነው። እኔ ሳላውቀው ሊያልፈኝ ነበር።

"እሱ ነው" አለች እናቴ።

ቀና ብዬ አየሁ። እሱ ነበር።

"ወፍሯል" አልኳት።

"ይወፍር። ብዙ ተደብድቧል" አለች። ጥቂት አየችውና "ያገባ ይመስልሻል?" አለችኝ።

"አግብቷል፣ እማዬ። ልጆችም አሉት።"

"ጥሩ።"

ትንሽ ቆይታ ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች፣ ትንፋሿም ረዘመ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነስኩት። ክንዴ ደንዝዞ ነበር፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ስትነቃ ማን እንዳሸነፈ መጠየቋ አይቀርም ብዬ እስከ መጨረሻው አየሁት።

ነቅታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።